ልሳኑ የተያዘ ንጉሥ፦ የዐፄ ምኒልክ ሕመምና የላስታ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ወደ መቅደላ ወስደው ለአሥር ዓመት ያህል አቆዩአቸው። መቅደላ በወሎ ደጋ የምትገኝ አምባ ስትሆን፣ በእርሷና በላስታ ተራሮች መካከል የደላንታና የመቄት አገር ይገኛል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ወሎን ተሻገሩ፤ ሸዋም ገብተው ነገሡ።

የንጉሡ ዘመን ከቋንቋ ጉዳይ ጋር እጅግ የተሳሰረ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው ወሎ ውስጥ የተፈረመው የውጫሌ ውል ሁለት ልሳን ነበረው። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ግንኙነት በኢጣሊያ መጠቀም እንደሚችሉ ይገልጻል፤ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን መቻልን ወደ ግዴታ ለወጠው። ከዚህ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈታ። የዋግሹም ጓንጉል ጦር በተሳተፈበት በዚያ ዘመቻ፣ በአንድ ሰፈር አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ አገውኛም ይነገር ነበር።

ሕመሙ የጀመራቸው በ1898 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ የመጣባቸውን የተረዱ ይመስላል፤ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፣ በዚያው ዓመት ፈውስ ፍለጋ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወረዱ፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ራስ ተሰማ ናደውን በሞግዚትነት አቆሙ። ውሳኔው በወቅቱ መሆኑ የታወቀው ብዙም ሳይቆይ ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከሁሉ የከፋው ስትሮክ ወደቀባቸው፤ አካላቸው ሽባ ሆነ፣ ንግግራቸውም ጠፋ።

ልሳን መያዝ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአንጎል የቋንቋ ክፍል ሲጎዳ የሚከተለው አፌዚያ ቃል መፈለግን፣ ዐረፍተ ነገር መገንባትን፣ መስማትና መረዳትን፣ ማንበብና መጻፍንም ሊያውክ ይችላል። የአፍና የጉሮሮ ጡንቻዎች መስነፍ የሚያመጣው የንግግር መታወክ ደግሞ ቋንቋውን ሳይነካ ድምፁን ብቻ ይይዛል። ሁለቱ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ስለዚህ የንጉሡን ሕመም አፌዚያ ብሎ ለመሰየም መጣደፍ አይገባም። ልዩነቱ ለሐኪም ብቻ የሚጠቅም አልነበረም። ሰምቶ የሚረዳ ንጉሥ በጥቅሻ፣ በእጅ ምልክት ወይም በማኅተም ፈቃዱን ሊገልጽ ይችላል፤ ቋንቋው ራሱ የተናጋበት ንጉሥ ግን ፈቃዱ የሚታወቀው አጠገቡ ያለው ሰው በሚናገርለት መጠን ነው።

በአልጋቸው ዙሪያ የነበሩት ሐኪሞች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የጓድሉፑ ተወላጅ ዶክተር ዮሴፍ ቪታሊያን በፈረንሳይኛ የተማሩ ሲሆኑ፣ በ1901 ዓ.ም. የመጡት ዶክተር ሽታይንኩለር ጀርመናዊ ነበሩ፤ ኋለኛው ንጉሡ ተመርዘዋል ማለታቸው ከፍተኛ ውዝግብ አስነሥቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ታማሚው ትእዛዝ ገባው ወይስ አልገባውም የሚለውን ለመፈተን በአስተርጓሚ በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ በአስተርጓሚ የሚያልፍ ቃል ምን ሊደርስበት እንደሚችል ደግሞ ከውጫሌ የበለጠ ምስክር አያሻም። በመካከሉ ሥልጣኑ ወደ እቴጌ ጣይቱ አዘነበለ፤ መኳንንቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ።

ምኒልክ ወደ ዐድዋ በዘመቱበት በ1895 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም አልበር ፒትር ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ የአፌዚያ ሕሙማንን ሁኔታ አሳትሞ ነበር። ከእርሱ በፊት ቴዎዱል ሪቦ ቀድሞ የተለመደው ነገር ቀድሞ ይመለሳል ብሎ ነበር፤ ፒትር ግን ቀድሞ የሚመለሰው ሕመምተኛው ከመታመሙ በፊት አዘውትሮ ይናገርበት የነበረው ቋንቋ ነው አለ። ይህ ክርክር በላስታና በዋግ ደጋ ባዳ አይደለም። በትውፊት የላሊበላ ስም ራሱ ከአገውኛ የተገኘ ነው፤ ዛሬም ከላስታ በስተሰሜን በሰቆጣ ዙሪያ ኽምጣናን በቤት፣ አማርኛን በገበያና በመሥሪያ ቤት የሚናገር ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስትሮክ ቢመታውና በአማርኛ ብቻ ቢመረመር፣ ከእናቱ የተማረው ቋንቋ ምን ያህል እንደተረፈለት ሳይታወቅ ቋንቋ የለውም ሊባል ይችላል።

በብዙ ሕሙማን ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይመለሳሉ፤ በሌሎች ላይ ግን አንዱ ይቀድማል ወይም ብቻውን ይቀራል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሊሳ ኤድመንድስና ስዋቲ ኪራን ባወጡት ጥናት፣ እንግሊዝኛቸው ከስፓንኛቸው የበረታ ሕሙማን በደካማው ስፓንኛ የተለማመዱት የቃላት ልምምድ ወደ እንግሊዝኛቸው ተሻግሮ ታይቷል። የተጠኑት ሰዎች ሦስት ብቻ በመሆናቸው ግኝቱን እንደ ሕግ መያዝ አይቻልም። ቢሆንም ሴማዊው አማርኛና ኩሻዊው ኽምጣና ለዘመናት ቃል ሲዋዋሱ ኖረዋል፤ ሁለቱም ግሣቸውን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ያኖራሉ። መሻገሩ በእነዚህ መካከል ሊፈተን የሚገባው ነው። ለዚህም ከሁሉ አስቀድሞ ቤተሰቡን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ከማን ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገር ነበር? በየትኛው ይቈጥር፣ በየትኛው ይጸልይ ነበር?

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጠ፤ ወደ ባዕታ ለማርያም የተዛወረው ከብዙ ዓመት በኋላ በልጃቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው።