አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫና የጾማችን እኩሌታ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዘወረደ ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ ነጠላውን ባጣፋ ወጣት ይሞላል፤ ስግደቱም ይበረታል። ቅድስትና ምኩራብ አልፈው መፃጉዕ ሲገባ ግን ሰልፉ ይሳሳል። እኩለ ጾም ወደምንለው ወደ ደብረ ዘይት ሲደረስ የብዙው ወጣት ጾም ከምግብ መከልከል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጸሎቱና ንባቡ መንገድ ላይ ይጠፋል። እንዲህ ለዛለ መንፈስ ብርታት የሚሆን ሕይወት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ታሪክ በእኛው በቦረና ሳይንት ምድር ይገኛልና።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥት የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበር። ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተሰጠ። ነገር ግን ትምህርቱ ለሰባት ዓመት አልገባ አለው። ባልንጀሮቹ እየቀደሙት ሲያልፉ እርሱ ከጀመረበት ፈቀቅ አላለም። ወደ ቤቱ ቢመለስም አባቱ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ወደ ቤት እንደማይመለስ አስታውቆ እንደገና ወደ ገዳሙ ሰደደው።

በገዳሙ ሥራው እህል መፍጨት ነበር። ቀን ከወፍጮው ላይ ይደክማል፤ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይለምናል። ገድሉ እንደሚነግረን እመቤታችን ተገልጻለት የዕውቀት ጽዋ ሰጠችው፤ ልቡናውም ተከፈተ። ልብ እንበል፤ ጽዋው የመጣለት ከሰባት ዓመት ልፋት በኋላ እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። በመፃጉዕ እሑድ የምናስበው በሽተኛም 38 ዓመት በአልጋው ላይ ሆኖ ከመጠመቂያው ዳር አልራቀም። ሁለቱም የሚያስተምሩን ምሕረት ከሚገኝበት ቦታ አለመነሣትን ነው።

ትምህርት እምቢ ያለው ያ ልጅ ከቤተ ክርስቲያናችን ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ ሆነ። አርጋኖን፣ ውዳሴ መስቀልና ሌሎችም ብዙ ድርሰቶች የእርሱ ናቸው። ተከሶ በታሰረ ጊዜም ከእግዚአብሔር ቤት ልቡ አልሸሸም። የመናፍቃንን ትምህርት የሚመልሰውን መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. ፈጸመ፤ በዓመቱም ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። እንግዲህ ታላቁን መጽሐፉን የጨረሰው በዕድሜው ማምሻ ነው። ጥንት ከፊደል ጋር የታገለው ሰው እስከ መጨረሻው ብዕሩን አልጣለም።

ለጾማችን ግን ይልቁን የሚጠቅመን መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ሌሊት በአብያተ ክርስቲያናችን የሚቆመው ሰዓታት የእርሱ ድርሰት ነው። ስሙ ራሱ ያስተምራል። ጸሎት ልብ የሞቀ ዕለት ብቻ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ ሰዓት አያስፈልገውም ነበር። አባቶች ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜ የወሰኑልን የሰው ልብ አንዴ እንደሚሞቅ አንዴም እንደሚበርድ ስለሚያውቁ ነው። ልብ ሲበርድ ሰዓቱ ሰውን ደግፎ ያቆመዋል። እንጨት አልቆበት ዳፍንቱን በዐመድ ሸፍኖ የሚያሳድር ሰው ጠዋት እሳት አያጣም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአጅባር ብርድ ሌሊት መነሣት ለከበደው ሁሉ 55ቱን ቀን በአንድ ጊዜ መሸከም አይጠበቅበትም። የዛሬውን አንድ ሰዓት ይጠብቅ። ውዳሴ ማርያም የሚደግም የዕለቱን ይድገም፤ ማንበብ የማይችል አባታችን ሆይን በማስተዋል ይበል። ቅዳሴ ለማስቀደስ የሥራ ጉዳይ ያልፈቀደለት ማታ ጥቂት ይስገድ። ከደብረ ዘይት ቀጥሎ የሚመጣው ገብር ኄር መሆኑን አንርሳ። በዚያ ምሳሌ ሁለት መክሊት ያተረፈው አገልጋይ አምስት ካተረፈው ያነሰ ምስጋና አላገኘም፤ የተወቀሰው የቀበረው ነው። ጾሙን ግማሽ ላይ ያቆመ ወጣት ግን የተሰጠውን ቀበረ ማለት ነው። መሬቱን ቆፍሮ ማውጣት ዛሬም ይቻላል፤ ትንሣኤ ገና አልደረሰምና።

የአባ ጊዮርጊስ አምላክ ጾማችንን አስጀምሮ ለማስፈጸም ይርዳን። የጻድቁ በረከት ይደርብን። አሜን።