ፕሮፌሰር ቪክቶር ሄስ፦ የሰማዩን ጨረር የመዘኑ ሊቅ

ከጠዳ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ፥ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ብርዱ እየጠነከረ አየሩም እየሳሳ እንደሚሄድ በገዛ ትንፋሹ ያውቀዋል። ከፍታው በጨመረ መጠን አብሮ የሚበዛ፥ ዓይን ግን የማያየው ሌላ ነገርም አለ። ይህን የገለጡልን ካቶሊካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ፍራንትዝ ሄስ ናቸው። ሕይወታቸውን በዚህ ዕትም በአጭሩ ልንተርክ ወደናል፤ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄስ ጁን 24 ቀን 1883 በኦስትሪያ፥ ስቲሪያ በተባለው አገር ተወለዱ። አባታቸው የአንድ መስፍን የደን ሹም ነበሩ። በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፥ ከ1910 ጀምሮ በቪየና የራዲየም ምርምር ተቋም ሠሩ።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱን ያስቸገረ አንድ ጥያቄ ነበረ። ኤሌክትሮሜትር በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። መሣሪያው ተዘግቶ ማንም ሳይነካው ቢቀመጥ እንኳ ክሮቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው ይቀራረባሉ። ዘልቆ የሚገባ ጨረር መኖሩ ታወቀ፤ ምንጩም የምድር ዐለት ነው ተብሎ ታመነ። በ1910 አባ ቴዎዶር ቩልፍ የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን መሣሪያውን ይዘው በፓሪስ ኤፌል ግንብ ላይ ወጡ። በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ጨረሩ እጅግ መቀነስ ሲገባው የቀነሰው ጥቂት ብቻ ሆነ። እኛ ካህናት ስለ አባ ቩልፍ ማውሳት ደስ ይለናል፤ ይሁንና ጥያቄውን እስከ ፍጻሜው የተከተሉት ሄስ ናቸው።

ሄስ በ1911ና በ1912 ደጋግመው በፊኛ ወጡ። ኤፕሪል 17 ቀን 1912 ፀሐይ በተጋረደችበት ሰዓት ለኩ፤ ጨረሩ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ዋና ምንጩ ፀሐይ እንዳልሆነች ተረዱ። ኦገስት 7 ቀን ደግሞ በማለዳ፥ በቀላሉ በሚቀጣጠል ሃይድሮጂን በተሞላ ፊኛ፥ ሦስት መሣሪያዎችና ሁለት ባልደረቦች ይዘው ከቦሄሚያ ተነሡ። እስከ 5350 ሜትር ደረሱ። ይህ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከ700 ሜትር በላይ ይበልጣል። ጨረሩ በመጀመሪያ ጥቂት ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጨምር ጀመር፤ ወደ 5000 ሜትር ሲቃረቡ በምድር ላይ ካለው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቀትር ላይ በርሊን አጠገብ ሲያርፉ መልሱን ይዘው ነበር፦ ጨረሩ የሚመጣው ከላይ፥ ከምድር ውጭ ነው።

ብዙዎች ወዲያው አልተቀበሏቸውም። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ሲጠራጠሩ ቆይተው በ1925 በራሳቸው ምርምር አረጋገጡና የኮስሚክ ጨረር አሉት። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ በአብዛኛው ፕሮቶን ነው፤ ከአየር ጋር ሲጋጭም ሌሎች ብናኞችን ያወርዳል። በተዘረጋ መዳፋችን ላይ በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፋል። መነሻውን ማወቅ ግን አስቸጋሪ ነው፤ በሰማይ ያለው የማግኔት ኃይል መንገዱን ያጣምምበታልና። ኒውትሪኖ የተባለው ብናኝ አይጣመምም፤ ስለዚህ ሊቃውንት በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ የሚያህል መመልከቻ ሠርተው በ2010 ፈጸሙ።

በ1936 ሄስ ከካርል አንደርሰን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ክብሩ ግን ሁለት ዓመት እንኳ አልጠበቃቸውም። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፥ ባለቤታቸው በርታ ከአይሁድ ወገን ስለ ነበሩ፥ እርሳቸውም ለአዲሶቹ ገዢዎች የማይመቹ ጽኑ ካቶሊክ ስለ ነበሩ፥ ከማስተማሪያ ወንበራቸው ተባረሩ። ሚስትን ትተው ሥራቸውን ያዳኑ በዚያ ዘመን ነበሩ፤ ሄስ አላደረጉትም። ባልና ሚስት በስዊዘርላንድ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በኒውዮርክ የኢየሱሳውያን የሆነው የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲም ተቀበላቸው።

በዚያም መለካታቸውን አልተዉም። በፊኛ ወደ ሰማይ የወጡት ሰው፥ በስተእርጅና ወደ ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወርደው የዐለቱን ጨረር መዘኑ። በርታ በ1955 ዐረፉ፤ እርሳቸውም ዲሴምበር 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ አጠገብ በማውንት ቨርነን፥ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።