ስፔንሰር ፒከሪንግ
ስፔንሰር አምፍረቪል ፒከሪንግ (1858 – 1920 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ኬሚስትና የፍራፍሬ ልማት ተመራማሪ ነበር። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በስሙ በሚጠራው የፒከሪንግ ኢመልዥን ነው። ይህ ያለ ሳሙና፣ በጠጣር ብናኝ ብቻ ሳይለያይ የሚቆይ የዘይትና የውሃ ድብልቅ ነው።

ፒከሪንግ በኦክስፎርድ ባሊዮል ኮሌጅ ተምሮ በለንደን ቤድፎርድ ኮሌጅ ኬሚስትሪ አስተማረ። ሠዓሊዋ ኤቭሊን ደ ሞርጋን እኅቱ ነበረች። በ1890 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በዚያ ጊዜ የደከመበት ጥያቄ ጨውና አሲድ በውሃ ሲሟሙ ምን ይሆናሉ የሚለው ነበር። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ወደ አዮኖች ይከፋፈላሉ ሲል፣ ፒከሪንግ ግን ከውሃው ጋር ተጣምረው ሃይድሬት ይሠራሉ ብሎ ተከራከረ። ብዙ ልኬት ቢሰበስብም ክርክሩን ያሸነፈው አሬኒየስ ነው። (አዮኖች ውሃ ይዘው እንደሚገኙ በኋላ ስለታወቀ፣ ፒከሪንግ ጨርሶ ተሳስቷል ማለት ያስቸግራል።)

በ1894 ከቤድፎርድ መስፍን ጋር በዎበርን የፍራፍሬ ምርምር እርሻ አቋቋመ። በዛፎች ሥር የሚበቅለው ሣር ዛፉን እንዴት እንደሚጎዳ ለዓመታት አጥንቷል። ስሙን ያስጠራው ግን የተባይ መከላከያ ነው። በዚያን ጊዜ የፓራፊን ዘይት በሳሙናና በውሃ ተበጥብጦ ዛፍ ላይ ይረጭ ነበር። ፒከሪንግ በመዳብ ሰልፌት ላይ ኖራ ሲጨመር የሚወጣው ደቃቅ ዝቃጭ ሳሙናውን እንደሚተካ አየ፤ ውጤቱንም በ1907 አሳተመ። ብናኞቹ በዘይት ጠብታው ዙሪያ ተደርድረው እንደ ቅርፊት ይሸፍኑታል፤ ስለዚህ ጠብታዎች ሲነካኩ አይዋሐዱም። ዋልተር ራምስደን ተመሳሳይ ነገር በ1903 ስለገለጸ፣ ስያሜው ለእሱ ይገባ ነበር ማለት ይቻላል።

ፒከሪንግ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ብናኙን ራሱን መንደፍ ጀመሩ። አንዱ ገጹ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ዘይት ወዳድ የሆነ ብናኝ በሮማውያን ባለ ሁለት ፊት አምላክ ስም የያኑስ ብናኝ ይባላል። በ2001 በርናርድ ቢንክስና ፖል ፍሌቸር ባወጡት ስሌት፣ እንዲህ ያለውን ብናኝ ከዘይትና ከውሃ ድንበር ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከተራው ብናኝ እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል።

የሲሊካ ያኑስ ብናኝ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ በ2006 የስቲቭ ግራኒክ ቡድን ያቀረበው ነው። የሲሊካ ብናኝ ከቀለጠ ፓራፊን ሰምና ከውሃ ጋር ይበጠበጣል፤ ሲቀዘቅዝ ብናኞቹ በሰሙ ጠብታ ላይ በከፊል ተቀብረው ይቀራሉ። ከዚያ የተጋለጠው ገጽ ብቻ በኬሚካል ይለወጣል፤ ሰሙም ሟሟ ይወገዳል። እዚህ ላይ ቅርጽ ማውጫ ሆኖ የሚያገለግለው ያው የፒከሪንግ ኢመልዥን ነው።