ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ የኢትዮጵያን ዜማ በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ

የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የመታተም ታሪክ ሲወሳ በአብዛኛው ትኩረት የሚሰጠው አምሃ ሪከርድስ ሥራውን ለጀመረበት ለ1961 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ላሉት ዓመታት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ 60 ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ኢትዮጵያዊ ራሳቸው የደረሱትን ግጥም መሰንቆ እየመቱ በመዝፈን ድምፃቸውን በጀርመን አገር አስቀርጸዋል። እኚህ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1876 በሰሜን ሸዋ ምንጃር ተወለዱ። ስማቸው በይበልጥ የታወቀው በሰምና ወርቅ ግጥም ችሎታቸው ነው። የዚህ ጥበብ ባለሙያ ቃላትን ሰብሮና አጣምሮ በአንድ ስንኝ ሁለት ፍቺ ያስተላልፋል። ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም የፍቅር ወይም የጨዋታ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ወርቅ ግን ምስጋና፣ ወቀሳ ወይም ምክር ሊሆን ይችላል። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግብር ላይ እንዲህ ያለ ግጥም ወዲያው መፍጠር የሚችል ሰው በእጅጉ ይከበር፣ ይፈራም ነበር።

1900 ዓ.ም. በአገሪቱ አስተዳደር ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በዚህ ዓመት ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚሁ ዓመት ነው። አዲሱን መሣሪያ የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ባለሙያ አስፈላጊ በመሆኑ ተሰማ እሸቴ ሙያውን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱም ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና መካኒኮች አንዱ ለመሆን በቅተዋል።

የጉዟቸው ዓላማ የመኪና ሙያ ቢሆንም፣ በታሪክ ይበልጥ የሚታወሱበት ሥራ ግን ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በጀርመን ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ናቸው። በዘመኑ ማይክሮፎን በቀረጻ ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ዘፋኙ ከትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘፍን፣ የድምፁ ንዝረት መርፌዋን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ መስመር ያስጭራል። የአንዱ የሸክላ ገጽ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። የአገራችን የመሰንቆ ጨዋታ ደግሞ ጊዜ የማይገድበው፣ አድማጩ ግጥም እየነገረ የሚቀጥለው የምልልስ ጥበብ ነው። ተሰማ አድማጭ በሌለበት ክፍል፣ አማርኛ በማይነገርበት አገር፣ ያንን ሰፊ ጥበብ በጥቂት ደቂቃ አሳጥረው ማቅረብ ነበረባቸው።

ሥራው ሌላም ድፍረት የጠየቀ ነበር። መሰንቆ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአዝማሪዎች መተዳደሪያ ነው። በጎንደር ከተማና ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት እንደ ኮሶዬ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ሆኖም ያው ሕዝብ በሠርጉ ላይ የሚሸልመውን ሰው ስም ለስድብ ሲጠቀምበት ኖሯል። በዚህ አመለካከት ምክንያት የመሰንቆ ጨዋታ ለባለማዕረግ የሚገባ ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። ተሰማ ግን የቤተ መንግሥት ሰው ሆነው ሳለ መሰንቆውን አላፈሩበትም።

ያገኙት የነጋድራስነት ማዕረግ በዘመኑ ከፍተኛ ኃላፊነት ነበር። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ እንደመሆኑ ቀረጥ ያስከፍላል፣ በገበያ የሚነሳውንም ክርክር ይዳኛል። በዚያው ትውልድ ይህን ማዕረግ ከያዙት መካከል ስለ አገር ምጣኔ ሀብት የጻፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ጦቢያ በሚል ስያሜም የሚታወቀውን ልብ ወለድ ታሪክ የደረሱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይገኙበታል። የአፈወርቅ መጽሐፍ በሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድና የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሸክላዎች በጥቂት ዓመታት ልዩነት ውስጥ፣ በአውሮፓ ምድር፣ ነጋድራስ በተባሉ ሁለት ሰዎች እጅ ተወልደዋል ማለት ይቻላል።

ነጋድራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ወዳጅና ባለሟል ነበሩ። ይህ ወዳጅነት የዕድገታቸውን ያህል የውድቀታቸውም ምክንያት ሆኗል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የነጋድራስ ተሰማም የሥልጣን ዘመን አከተመ። በቀጣዮቹ ዘመናት በባለሥልጣንነት ያገኙት ክብር ሲደበዝዝ፣ በግጥም ያገኙት ግን በሰው አፍ ጸንቶ ቆይቷል።

የዚህ ጥበብ ኃይል ምን ያህል እንደነበር ጠላት ጭምር የተረዳው ነገር ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዛዥ ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እያሳደደ አስገድሏል። መሣሪያ ያልያዘ ሰው በመሰንቆና በስንኝ ሕዝብ ማነሳሳት መቻሉ ለወራሪው ሥጋት ስለሆነበት ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1964 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመስከረም 1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በስፖርቱ መስክ ለአገራቸውና ለአፍሪካ ታላቅ አገልግሎት ሰጥተዋል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያሸነፈው ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአባታቸውን ግጥሞች በማሰባሰብም ለኋላ ትውልድ እንዲተላለፉ የበኩላቸውን አድርገዋል።

የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች ከመቶ ዓመት በኋላ ዳግም ለአድማጭ ቀርበዋል። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓሪስ የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተሰኘ ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 27ኛ ቅጹን ለእርሳቸው ሰጥቷል። በእርሳቸው ዘመን በየግብሩና በየሠርጉ የዘፈኑ የብዙ ባለሙያዎች ግጥም ሳይጻፍና ሳይቀረጽ ከባለቤቶቹ ጋር አብሮ አልፏል። የነጋድራስ ተሰማ ድምፅ ከዚህ ዕጣ የተረፈው በሸክላ ላይ በመስፈሩ ነው። ዛሬም በገጠርም ሆነ በከተማ የሚገኙ አረጋውያን አዝማሪዎችን ጥበብ በወቅቱ መቅረጽና በመዝገብ ማኖር ለነገ የማይባል ሥራ መሆኑን የእርሳቸው ታሪክ ያስገነዝባል።