ሃዋርድ ሃንሰን፤ የአሜሪካን ሲምፎኒ በሸክላ ያስቀረ ሰው

የድልድይ ንድፍ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ተሟልቶ ቢሣል ወንዝ አያሻግርም። የሲምፎኒ ድርሰትም እንደዚሁ ነው። ደራሲው ኖታውን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሰማንያ ወይም መቶ ያህል ተጫዋቾች፣ አንድ መሪ፣ አንድ አዳራሽና ብዙ የልምምድ ሰዓት ካልተገኘለት ድርሰቱ ድምፅ የሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ ተጫውቶ ቢሰማ እንኳ የመጨረሻው ድምፅ ከአዳራሹ ሲጠፋ ሥራውም ከአድማጩ ጆሮ ይጠፋል። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የአሜሪካ የሲምፎኒ ደራሲያን ዋና ችግር ይህ ነበር። ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የቤቶቨንን፣ የብራምስንና የቻይኮቭስኪን ድርሰቶች በየዓመቱ ይደጋግማሉ፤ የአገራቸው ደራሲ ሥራ ግን አንድ ጊዜ ተጫውቶ፣ ተጨብጭቦለትም ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል። ይህን ችግር ለማቃለል ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች መካከል ሃዋርድ ሃንሰን በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል።

ሃንሰን ኦክቶበር 28 ቀን 1896 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኔብራስካ ክፍለ ግዛት ዋሁ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከስዊድን የፈለሱ ሰዎች ሲሆኑ፣ ፒያኖን በመጀመሪያ ያስተማረችው እናቱ ነበረች። በትውልድ ከተማው በሚገኘው ሉተር ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ የሙዚቃ ኪነ ጥበብ ተቋም ከተማረ በኋላ፣ በ1916 ከኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ወዲያውም በካሊፎርኒያ በፓሲፊክ ኮሌጅ መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1919 የዚያው ኮሌጅ የኪነ ጥበብ ክፍል ዲን ሆነ። በ1921 የሮማን ሽልማት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን የሙዚቃ ደራሲያን አንዱ ሆኖ ወደ ኢጣሊያ ተጓዘ። በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ ኖርዲክ የተባለውን የመጀመሪያ ሲምፎኒውን በ1923 በሮማ ራሱ እየመራ አሰማ።

በ1924 ይህንኑ ሲምፎኒ ለመምራት ከኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከተሞች አንዷ ወደ ሆነችው ወደ ሮቸስተር ተጠራ። ሮቸስተር የኮዳክ ኩባንያ መሥራች የጆርጅ ኢስትማን ከተማ ናት። ኢስትማን ከፎቶግራፍ ፊልምና ከካሜራ ንግድ ካገኘው ሀብት ከፍሎ፣ በስሙ የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1921፣ ከ3,000 በላይ ሰው የሚይዘውንም የኢስትማን ቴአትር በ1922 አስከፍቶ ነበር። የጎደለው ትምህርት ቤቱን ለረዥም ጊዜ የሚመራ ሰው ነበር፤ ሃንሰንንም ዲሬክተር እንዲሆን ጠየቀው። ሃንሰን ገና የሃያዎቹን ዕድሜ ሳይጨርስ የተረከበውን ኃላፊነት እስከ 1964፣ ማለትም አርባ ዓመት ሙሉ፣ ይዞ ቆየ።

ሃንሰን ሥራውን እንደ ጀመረ ካደረጋቸው ነገሮች ዋነኛው በ1925 የአሜሪካ ደራሲያን የኦርኬስትራ ትርኢቶችን ማቋቋሙ ነው። በእነዚህ ትርኢቶች ወጣት ደራሲያን አዲስ ሥራቸውን በሠለጠነ ኦርኬስትራ ሲጫወት ለመስማት ይበቁ ነበር። ለጀማሪ ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አይገኝም፤ በወረቀት ላይ ያማረ መስሎት የነበረው ስምም በአዳራሹ ውስጥ ተድበስብሶ ሲሰማው፣ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ያለ መምህር ያውቀዋልና። ከ1931 ጀምሮ ደግሞ ዓመታዊ የአሜሪካ ሙዚቃ ፌስቲቫል ተጨመረ፤ ይህም ለአርባ ዓመት ያህል ዘለቀ። በዚያው በ1931 የዊልያም ግራንት ስቲል አፍሮ አሜሪካን ሲምፎኒ በሃንሰን መሪነት በሮቸስተር ፊልሃርሞኒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ጥቁር አሜሪካዊ የጻፈው ሲምፎኒ በታወቀ ኦርኬስትራ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ በታሪክ ይጠቀሳል። የዘር ልዩነት በሕግና በልማድ በጸናበት በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የትምህርት ቤቱ በር ለውጭ አገር ተማሪዎችም ክፍት ነበር። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የሙዚቃ ትምህርታቸውን በዚሁ በኢስትማን ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1962፣ ሃንሰን ዲሬክተርነቱን ከመልቀቁ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ ተመርቀዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነዋል።

ሃንሰን የሌሎችን ሥራ ሲያስጫውት የራሱን ብዕር አላስቀመጠም። ሮማንቲክ የተባለውን ሁለተኛ ሲምፎኒውን የጻፈው የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አምሳኛ ዓመት ሲከበር፣ ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ባቀረበለት ጥያቄ ነው፤ ኦርኬስትራውም በ1930 አጫውቶታል። ሜሪ ማውንት የተባለው ኦፔራው በ1934 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ቀረበ። ለአባቱ መታሰቢያ ያደረገውና ሬክዊየም የተባለው አራተኛ ሲምፎኒው ደግሞ የ1944ን የፑሊትዘር ሽልማት አስገኘለት። በእነዚህ ሥራዎቹ ሁሉ ሃንሰን ግልጽ ዜማን፣ ሰፊ ስምምንና ሞቅ ያለ የናስ መሣሪያዎችን ድምፅ የሚወድ ደራሲ መሆኑን አሳይቷል።

ይሁንና ትርኢትና ፌስቲቫል የሚደርሱት በአዳራሹ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሃንሰን ከ1939 ጀምሮ፣ የሮቸስተር ፊልሃርሞኒክ ዋና ዋና ተጫዋቾች፣ የትምህርት ቤቱ መምህራንና የተመረጡ ተማሪዎች በተውጣጡበት በኢስትማን ሮቸስተር ኦርኬስትራ፣ የአሜሪካን ሥራዎች ለቪክተር ኩባንያ በሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ። የዘመኑ መሣሪያ ግን ገና ጠባብ ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ሲምፎኒ በብዙ ሸክላዎች ላይ ተቆራርጦ ይቀረጽ ነበር። ከስቲል ሲምፎኒ እንኳ በዚያን ጊዜ ሃንሰን ያስቀረጸው ስኬርትሶ የተባለውን አንዱን ክፍል ብቻ ነው።

ይህን ጥበት ሁለት የምሕንድስና ውጤቶች አስፋፉት። አንደኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የተስፋፋው የማግኔት ቴፕ ነው። ሁለተኛው ኮሎምቢያ ኩባንያ በ1948 ለገበያ ያቀረበው፣ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ የሚዞረው ሎንግ ፕሌይ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ በአንድ ገጹ ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ፣ የአንድ ሲምፎኒ ሐሳብ ሳይቆረጥ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሊደመጥ ቻለ።

በዚህ ጊዜ በቺካጎ የተቋቋመው ሜርኩሪ የተባለ ወጣት ኩባንያ አዲስ የቀረጻ ስልት ይዞ ብቅ አለ። የኩባንያው ቀራጭ መሐንዲስ ሮበርት ፋይን በ1951 በራፋኤል ኩቤሊክ የሚመራውን የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በአንድ ማይክሮፎን ብቻ ቀረጸ። ውጤቱን የሰማ አንድ የኒው ዮርክ ሐያሲ፣ አድማጩ በኦርኬስትራው ፊት የተቀመጠ ያህል እንደሚሰማው ስለ መሰከረ፣ ኩባንያው ሕያው ህላዌ የሚል ትርጉም ያለውን ስም ለዝግጅቶቹ መጠሪያ አደረገው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ፋይንና ባልደረቦቹ፣ በተለይም የቀረጻዎቹ ዋና አዘጋጅ የነበረችው ዊልማ ኮዛርት፣ መሣሪያቸውን ጭነው ወደ ሮቸስተር እየተመላለሱ ከሃንሰን ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ሠሩ።

የፋይን ስልት ለመሐንዲስ በቀላሉ የሚገባ ነው። አንድ ጥራት ያለው ማይክሮፎን ከመሪው በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ኦርኬስትራው የድርሰቱን እጅግ ኃይለኛ ክፍል ይጫወትና የድምፁ ልክ በዚያ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ማንም አይነካም፤ ለሆሳሱም ለሆሳስ፣ ነጎድጓዱም ነጎድጓድ ሆኖ ይቀረጻል። ስቴሪዮ ከመጣ በኋላም፣ ከ1955 መጨረሻ ጀምሮ፣ ማይክሮፎኖቹ ግራ፣ መካከልና ቀኝ ሆነው ወደ ሦስት ከማደጋቸው በስተቀር መሠረታዊው ሐሳብ አልተለወጠም።

የስልቱ ብርታትም አደጋም ያለው እዚህ ላይ ነው። በቴፕ ላይ የተበላሸውን ምንባብ ቆርጦ ደኅናውን መቀጠል ይቻላል፤ በአንድ ማይክሮፎን የገባን ሚዛን ግን በኋላ ማረም አይቻልም። ትራምፔቱ ኦቦውን ከሸፈነው ማስተካከያው ያለው በመሪው እጅ፣ በተጫዋቾቹ ትንፋሽና በወንበሮቹ አቀማመጥ ነው። በመሆኑም ፋይን የማይክሮፎኑን ቦታ ለመወሰን የአዳራሹን ጠባይ፣ ሃንሰንም ሚዛኑን ለመጠበቅ የእያንዳንዱን ድርሰት ውስጠ ነገር ጠንቅቀው ማወቅ ነበረባቸው። መሐንዲሱ የመሪውን ድካም በመሣሪያ አልተካም፤ መሪውም ጉድለቱን ለመሐንዲሱ አልተወም። የእነዚህ ሸክላዎች መልካም ዝና የተገነባው በዚህ የሥራ ክፍፍል ላይ ነው።

የሮይ ሃሪስ ሦስተኛ ሲምፎኒ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ኩሴቪትስኪ በ1939 በቦስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ይህ ሥራ፣ ሳይቋረጥ በአንድ ክፍል የሚሄድና ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ ነው። በቼሎዎች ረዥም ዜማ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይጨመሩበታል፤ በመጨረሻም በከባድ የከበሮ ምት ይዘጋል። ይህን ጉዞ አሳምሮ ለማድመጥ ዜማው ከየትኛው የመሣሪያ ክፍል ወደ የትኛው እንደሚተላለፍ መለየት ያስፈልጋል። በሃንሰን ቀረጻ ባለ ክሮቹ ከፊት፣ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከኋላቸው፣ ናሶቹም ከዚያ ርቀው እንደ ተቀመጡ ስለሚሰማ፣ አድማጩ የድርሰቱን አሠራር እንደ ሕንፃ ንድፍ ሊከተለው ይችላል።

ከዚህ ሌላ ሃንሰን ለሜርኩሪ ያስቀረጻቸው ሥራዎች ዝርዝር ራሱን የቻለ ቤተ መጻሕፍት ነው። የሳሙኤል ባርበር የመጀመሪያ ሲምፎኒና አዳጅዮ፣ የዋልተር ፒስተን ሦስተኛ ሲምፎኒ፣ የቨርጂል ቶምሰን፣ የፒተር ሜኒን፣ የዊልያም ሹማንና የሮጀር ሴሽንስ ሥራዎች፣ እንዲሁም ስቲል በአፍሪካ ታሪክ ላይ የጻፈው ሳህጂ የተባለው ባሌ ይገኙበታል። የቻርልስ አይቭስ ሦስተኛ ሲምፎኒ በመቶ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ተጽፎ እስከ 1946 ድረስ ያልተጫወተ ነበር፤ ሃንሰን በሸክላ ካተሙት ቀደምት መሪዎች አንዱ ነው። ኮሊን ማክፊ ከባሊ ደሴት ሙዚቃ ተነሥቶ የጻፈው ታቡ ታቡሃንም በ1936 በሜክሲኮ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ለዓመታት ዝም ካለ በኋላ፣ በሮቸስተሩ ቀረጻ ወደ ብዙ አድማጭ ደርሷል።

ሃንሰን አድማጭንም ማስተማር ይወድ ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደራሲውና ኦርኬስትራው በሚል ርእስ ባወጣቸው ሸክላዎች፣ የራሱን ድርሰት ፈታቶ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ምን እንደሚጫወት ያሰማል፤ በቃሉም ያብራራል፤ በመጨረሻ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያቀርበዋል። አንድን ማሽን ፈታቶ እንደገና እንደ መግጠም ያለ ትምህርት በመሆኑ፣ ኖታ ማንበብ ለማይችል ሰው የኦርኬስትራን ምስጢር ከከፈቱ ዝግጅቶች አንዱ ነው።

ነገር ግን የሃንሰን ምርጫ ያለ ነቀፌታ አላለፈም። ጆሮው ወደ ዜማ ያዘነበለ ስለ ነበረ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዩኒቨርሲቲዎች ለገነነው የአሥራ ሁለት ድምፅ ስልት ብዙ ቦታ አልሰጠም። በዚህም ምክንያት አዲሱ ትውልድ ወደ ኋላ የቀረ ሰው አድርጎ ተመለከተው። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ አንድ ሰው በሩን በያዘበት ቤት የሚገባውና የማይገባው በዚያ ሰው ጣዕም ይወሰናልና። ሆኖም ያስቀረጻቸው ደራሲያን ሁሉ የእርሱን መንገድ የተከተሉ አልነበሩም፤ አይቭስም ሆነ ሴሽንስ ከእርሱ አጻጻፍ እጅግ የራቁ ናቸው። የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ገበያው ነው። ሜርኩሪ በ1961 ወደ ፊሊፕስ ኩባንያ እጅ ገባ፤ የሮቸስተሩ ሥራ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቆመ፤ ብዙዎቹም ሸክላዎች ከመደብር ጠፉ።

ሃንሰን በ1964 ጡረታ ከወጣ በኋላም የአሜሪካ ሙዚቃ ተቋምን በዚያው በትምህርት ቤቱ መሥርቶ ሥራውን ቀጠለ። በ1979 የወጣው ኤሊየን የተባለው ፊልም በመዝጊያው የሮማንቲክ ሲምፎኒውን ክፍል ስለ ተጠቀመበት፣ ስሙን የማያውቅ ብዙ ተመልካች ዜማውን ሰማ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1981 በሮቸስተር በ84 ዓመቱ አረፈ። ሮበርት ፋይንም በቀጣዩ ዓመት ሞተ።

ቴፖቹ ግን ተጠብቀው ነበር። የፋይን ባለቤት የሆነችው ዊልማ ኮዛርት በ1990ዎቹ ዋናዎቹን ቴፖች አውጥታ፣ በቀድሞው ዓይነት መሣሪያ እያጫወተች፣ ሦስቱን ማይክሮፎኖች በራሷ ጆሮ እየመዘነች ወደ ሲዲ አሸጋገረቻቸው። በዚህም ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በባዶው የኢስትማን ቴአትር የተጫወተው ሙዚቃ እንደገና ለሕዝብ ደረሰ። በዝርዝሩ ከሚገኙት ድርሰቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የባርበር አዳጅዮ፣ ያለ ሃንሰንም በዓለም ዙሪያ በኖሩ ነበር። የበሪል ፊሊፕስን ወይም የማክፊን ሥራ ለማድመጥ የሚሻ ሰው ግን ዛሬም አስቀድሞ የሚያገኘው ያንኑ የሮቸስተር ቀረጻ ነው። ደራሲያኑ ከሞቱ በኋላ ሥራቸው በድምፅ የኖረው፣ አንድ መሪ ሁለተኛ ጊዜ መደመጥ ይገባቸዋል ብሎ ስለ ተነሣና አንድ መሐንዲስ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስላስቀመጠ ነው።