እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፤ የአባታቸውን የቅኔ ወንበር የወረሱት የጎጃም ሊቅ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ ሲነሡ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከሩቅ የሚመጣው ተማሪ አብሮ ይታወሳል። ያ ተማሪ ወንድ ልጅ ነው። ዜማውም ቅኔውም መጽሐፉም ከየኔታ ወደ ደቀ መዝሙር ሲሸጋገር የኖረው በወንዶች መካከል ነበር። ሴቷ የጉባኤ ቤቱን የምታውቀው ከደጇ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ለሚላት ተማሪ ቁራሽ ስትሰጥ ነው። ጉባኤውን ትመግበዋለች እንጂ አትቀመጥበትም።

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይህን ልማድ አልፈው የቅኔ መምህር የሆኑ እናት ናቸው። በ1890ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ ግድም በጎጃም ጽላሎ ተወለዱ። አባታቸው መሪጌታ ሐዲስ ኪዳነ ማርያም ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። ገላነሽ ግን ገና በልጅነታቸው ዓይነ ስውር ሆኑ።

በዚያ ዘመን ዓይኑን ያጣ ወንድ ልጅ አንድ መንገድ ነበረው። ወላጆቹ ለአብነት ትምህርት ይሰጡታል፤ በቃሉ አጥንቶም ለመምህርነት ሊበቃ ይችላል። ዓይኗን ያጣች ሴት ልጅ ግን ሁለት በር ይዘጋባታል። ወፍጮው፣ ምጣዱ፣ ውኃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ ዓይን ይፈልጋሉ፤ ያለ እነዚህ ደግሞ ባለ ትዳር መሆን ይከብዳታል። ወደ ተማሪ ቤት ልሂድ ብትል ሴትነቷ ይመልሳታል። እንደ ወንዶቹ ከደብር ደብር እየዞሩ፣ በሣር ጎጆ እያደሩ፣ የመንደር ውሻ እየተከላከሉ መማር ለሴት ልጅ የሚታሰብ አልነበረም።

ለገላነሽ መንገድ የከፈተላቸው ተማሪ ቤቱ የገዛ ቤታቸው መሆኑ ነው። ወደ ጉባኤ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ጉባኤው ካሉበት ነበር። መሪጌታ ሐዲስም ልጃቸውን ሴት ናት፣ ዓይኗም አያይም ብለው አልመለሱም። የሚያስተምሩትን ቅኔ ለእርሳቸውም አስተማሩ።

ቅኔ መጽሐፍ እየተገለጠ የሚነበብ ትምህርት አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ የግእዙን ግስና አገባብ በቃሉ ይይዛል። መምህሩ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩንም ይፈታሉ። ተማሪው ሰምቶ ያጠናል፤ ከዚያም ከጓደኞቹ ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየና ባለ 5 ቤቱን ዋዜማ አልፎ፣ እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ቀርቦ ለመምህሩ ይናገራል። ዜማው ሲጎድል፣ አገባቡ ሲፈርስ፣ ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ሲቀር መምህሩ ያርሙታል። የተዘረፈን ቅኔ የራስ አስመስሎ መድገም ነውር ነው፤ እያንዳንዱ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጆሮና በኅሊና ነው። ስለዚህም ዓይነ ስውርነት ገላነሽን ከቅኔ አላራቃቸውም። ከፊታቸው የቀረው እንቅፋት ሴትነታቸው ብቻ ነበር፤ እርሱም የዕውቀት ሳይሆን የልማድ እንቅፋት ነው።

ከአባታቸው በኋላ ወንበሩን ተረክበው ማስተማር ጀመሩ። ደቀ መዛሙርቱ ቅኔ ፈልገው የመጡ ወንዶች ናቸው። እርሳቸው ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎቹ ይሰማሉ። ተማሪዎቹ ይናገራሉ፤ እርሳቸው ያርማሉ። በቅኔ ቤት ሥርዓት ቅኔው ሞልቷል ወይም ጎድሏል የሚል ፍርድ የመምህሩ ነው። በጽላሎ ይህ ፍርድ በሴት እጅ ሆነ። ተማሪ በአባት ስም ወይም በሐዘኔታ ብቻ ከመምህር እግር ሥር አይቆይም፤ የሚፈልገውን ምሥጢር ካላገኘ አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። እማሆይ ገላነሽ መምህር ሆነው ስማቸው የጸናው በዚህ ፈተና ውስጥ አልፈው ነው።

ያልተከፈተ በርም ነበር። ቅኔ የሚቀርበው በቤተ ክርስቲያን፣ በቅኔ ማኅሌት ነው። በዚያ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚቆሙት ወንዶች ናቸው። የሴት መምህር ድካም በዚያ ስፍራ የሚሰማው ባስተማረቻቸው ወንዶች አንደበት ብቻ ነው።

በሕይወት ዘመናቸው ብዙ ነገር ተለዋወጠ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገሪቱን ያዘ፤ በ1966 ዓ.ም አብዮቱ መጣ። የካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች፤ ለብዙ ደብር አገልጋይና ለአብነት መምህር መተዳደሪያ የነበረው መሬትም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ የጉባኤ ቤቱ ኑሮ ከቀድሞው ይልቅ በገበሬው ቤት ቁራሽ ላይ ወደቀ። መንኩሰው እማሆይ የተባሉት ገላነሽ በ1970ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ዐረፉ።

ታሪካቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። ነገር ግን የሆነው ነገር ግልጽ ነው። ስለታም አእምሮ ያላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ልጄ አትችልም ያላለ አባትም ነበራት። ገላነሽ የመሪጌታ ሐዲስ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ፣ ያ አእምሮ ከምድጃ ዳር በቀረ ነበር። ጽላሎም አንድ መምህር በጎደላት፣ ደቀ መዛሙርቱም ሌላ ጉባኤ ፍለጋ ባለፉ ነበር።