ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ፦ የሰውነት እንቅስቃሴ ስሌት ፈር ቀዳጅ

የአኒሜሽን ገጸ ባሕርይ እንደ ሕያው ሰው እንዲንቀሳቀስ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ የተዋናይን እንቅስቃሴ መዝግቦ መቅዳት ነው። ሌላው አጥንትን፣ መገጣጠሚያንና ጡንቻን በኮምፒውተር ሞዴል ወክሎ እንቅስቃሴውን ከኃይል ስሌት ማስገኘት ነው። ለዚህ ለሁለተኛው መንገድ መሠረት ከጣሉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ቦሬሊ ነው።

ቦሬሊ እ.ኤ.አ. በ1608 በኔፕልስ ተወለደ። በሮም የጋሊሊዮ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከቤኔዴቶ ካስቴሊ ሒሳብን ተማረ። በሜሲና ካስተማረ በኋላ በ1656 ወደ ፒሳ ተዛወረ። በዚያም ከአናቶሚ ሊቁ ከማርቼሎ ማልፒጊ ጋር የመሠረተው ወዳጅነት ትኩረቱን ይበልጥ ወደ ሕያዋን አካል ሳበው።

ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ጡንቻ ከባድ ሸክምን በጥቂት ኃይል እንደሚያነሣ ያምኑ ነበር። ቦሬሊ አጥንትን እንደ መፈንቅል ቆጥሮ ሲያሰላ ተቃራኒውን አገኘ፤ ጡንቻ የሚያያዘው ከመገጣጠሚያው አጠገብ በመሆኑ የሚስብበት ኃይል ከሸክሙ እጅግ ይበልጣል። ለምሳሌ ክርን በ90 ዲግሪ ታጥፎ ሳለ ከመገጣጠሚያው 5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተያያዘ ጡንቻ፣ 35 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚገኝን ሸክም ደግፎ ለመያዝ የሸክሙን ክብደት 7 እጥፍ መሳብ ይኖርበታል። ቦሬሊ ሰውን በሳንቃ ላይ አጋድሞ፣ ሳንቃውን በስለታም ጠርዝ ላይ በማመጣጠን የሰውነትን የስበት ማዕከልም ፈልጓል።

በ1667 ወደ ሜሲና ቢመለስም፣ በስፔን አገዛዝ ላይ በተነሣው ተቃውሞ ተጠርጥሮ ተሰደደ። በሮም ንብረቱን ተዘርፎ፣ በአንድ የሃይማኖት ማኅበር ቤት ተጠግቶ ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። የቀድሞዋ የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ዋና ሥራውን ለማሳተም ድጋፏን ሰጠችው፤ እርሱ ግን ኅትመቱን ሳያይ በታኅሣሥ 31 ቀን 1679 ዐረፈ። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ በ1680 እና በ1681 በሁለት ቅጽ ወጣ።

ቦሬሊ ጡንቻ የሚኮማተረው ደምና የነርቭ ፈሳሽ ተቀላቅለው ሲፈሉ ነው ማለቱ ስሕተት ነበር። ስሕተቱ ግን የመፈንቅል ስሌቱን አላፈረሰም፤ ስሌቱ የሚጠይቀው ጡንቻው የት እንደሚያያዝና በምን አቅጣጫ እንደሚስብ እንጂ ለምን እንደሚኮማተር አይደለም። የዛሬዎቹ ሞዴሎች የጡንቻውን ባሕርይ በአመዛኙ አርቺባልድ ሂል በ1938 ካሳተመው ጥናት ቢወስዱም፣ የመገጣጠሚያው ስሌት በዚሁ መርሕ ይመራል። ከላይ ባለው ምሳሌ የጡንቻው ማያያዣ በ1 ሳንቲ ሜትር ወደ ክርን ቢጠጋ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ከ7 ወደ 8.75 እጥፍ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ልዩነት በቆዳው ቅርጽ ላይ ላይታይ ይችላል፤ እንቅስቃሴው ከኃይል በሚሰላበት ሞዴል ውስጥ ግን ገጸ ባሕርዩ ሸክሙን ማንሣት መቻል አለመቻሉን ይወስናል።